«ምን አጥፍተህ ነው?»

ግንቦት ላይ ነው። አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪዬ ከትምህርት ቤታችን በር ፊት ለፊት ካለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ፌስታል ሲያወጣ ጓደኛው አየውና «ምን አጥፍተህ ነው?» አለው። ልጁ አፍሮ ፌስታሉን መልሶ ጣለው።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ዘግይቶ የመጣውን ሁሉ ግቢ አስጠርግ ስለነበር ሥራ ቅጣት ነው ብዬ ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ። በልጅነቴ መድረሳ ስቀራ ግን ለዑስታዛችን የውዱእ ውኃ ለመቅዳት እንሽቀዳደም ነበር፤ ኺድማ ክብር ነበር።

አዳማ ዙሪያዋን በኮረብታ የተከበበች ከተማ ናት። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ከዳገቱ ይወርዳል፤ ቦዩ ከተደፈነ መንገዱንና ቤቱን ያጥለቀልቃል። ስለዚህ ቅጣቱን ትቼ ቦዩን ትምህርት አደረግሁት። ልጆቹ በጓንት ያወጡትን ቆሻሻ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ቆጠሩ፤ በሳይንስ ውኃው ከየት ወዴት እንደሚሄድ ሣሉ። እኔም አብሬያቸው ጎንበስ አልኩ።

አንድ አባት መጥተው «ልጄን ለትምህርት እንጂ ለጽዳት አልላክሁትም» አሉኝ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ እንደነበር ነገርኳቸው። ለሕፃን ደግሞ የትምህርት ቤቱ ደጃፍ ይበቃዋል።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሰውን የሚያስቸግር ነገር ከመንገድ ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን አስተምረውናል። ውድ ወላጆች፣ ልጃችሁ እጁ ቆሽሾ ቢመጣ «ምን አጥፍተህ ነው?» አትበሉት። «አላህ ይቀበልህ» በሉት።