ፈተናው ሲደርስ በሩ ተዘጋ

የካዛንቺስና የቂርቆስ ልጅ ማታ ማታ ሕግ ተምሮ፣ በዲፕሎማ ጀምሮ ወደ ዲግሪ የሚሻገርበት ዘመን ነበር። ያ ዘመን በከንቱ መባከኑን ሳስብ አንጀቴ ያራል። ተማሪ አልጠፋም፤ መምህርም አልታጣም።

መንገዱ የቆየ ነው። በ1956 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ለዳኞች፣ ለፖሊሶችና ለመንግሥት ሠራተኞች የማታ ትምህርት ይሰጥ ነበር። ደመወዝተኛው ሥራውን ሳይለቅ የወንጀለኛ መቅጫውንና የሥነ ሥርዓቱን ሕግ ይማራል፤ ሲበረታ ወደ ዲግሪው ይዘልቃል። በ1990ዎቹ የግል ኮሌጆች ሲበዙ ደግሞ ትምህርቱ ሰፈር ድረስ መጣ። ቀን ሆቴል የሚያስተናግደው፣ ሱቅ የሚጠብቀው ልጅ ማታ በሕግ ዲፕሎማ ይመዘገብ ጀመር።

ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደነበር የፍርድ ቤት ደጅ የጠና ያውቀዋል። ልጇ የታሰረባት እናት ቀድማ የምትሮጠው ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ነው፤ የጠበቃ ገንዘብ ከየት ታመጣለች? የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ይናገራል። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ብሎ ጊዜ ቀጠሮ ሲጠይቅ፣ ዳኛው በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ መፍቀድ እንደማይችል በ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 ላይ ተጽፏል። ዋስትና መጠየቅም ይቻላል። እናትየዋ ግን ይህን ሁሉ የምትሰማው ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ቀጠሮ ካለፈ በኋላ ነው። መንግሥት የሚመድበው ተከላካይ ጠበቃም ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ክስ ከተመሠረተ ወዲያ ነው። ግድግዳ ተጋርቷት የሚኖር፣ ሁለት ዓመት እንኳ ሕግ የተማረ ጎረቤት ቢኖራት በመጀመሪያው ሌሊት ጣቢያ አብሯት ሄዶ ምን እንደሚጠይቅ ያውቅ ነበር። በየሰፈሩ መፈጠር የጀመረው እኮ እንዲህ ያለው ሰው ነበር!

ትምህርቱ እንከን አልነበረበትም አልልም። ክፍያ እየሰበሰቡ ቤተ መጻሕፍት የሌላቸው፣ መምህሩ ከችሎት ደክሞ መጥቶ ማስታወሻ ብቻ የሚያስገለብጥባቸው ኮሌጆች ነበሩ። እነሱን ለይቶ መዝጋት ተገቢ ነበር። ሆኖም በነሐሴ 2002 ዓ.ም. መንግሥት የሕግና የመምህርነት ትምህርት በግል ተቋማት እንዳይሰጥ፣ የርቀት ትምህርትም እንዲቆም ወሰነ። የርቀቱ እገዳ በኋላ ሲላላ ሕግ ለመንግሥት ተቋማት ብቻ ተተወ። የለፋውና ያልለፋው ኮሌጅ እኩል ተቀጣ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ጊዜው ነው። በሕግ ትምህርት አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው። በሩ በተዘጋ በዓመቱ! ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በሌሎች ትምህርቶች የመንግሥቱም የግሉም ኮሌጅ የዲግሪ ተማሪ አንድ ፈተና ላይ ይቀመጣል፤ ያወቀ ያልፋል፣ ያላወቀ ይወድቃል። ወንፊቱ እጃችን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው እህሉን ከነገለባው ደፋነው።

ያኔ 20 ዓመቱ የነበረው አስተናጋጅ ዛሬ ከ35 አልፏል። ዐቃቤ ሕግ ወይም ጠበቃ ሊሆን ይችል ነበር። ያ ባይሆንለት እንኳ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲፈርስና ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳር ሲዛወር፣ ስለ ካሳ፣ ስለ ምትክ ቤት፣ ስለ ይግባኝ የሚጠየቅ ሰው በየግቢው በተገኘ ነበር። ጎረቤት ከጎረቤት ሲለያይ ያ ሰው በመካከላቸው አልነበረም።

ለትምህርት ሚኒስቴር የምለው ግልጽ ነው። የማታውን የሕግ ዲፕሎማ መልሱ። ተማሪው የወሰዳቸው ኮርሶች ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ይያዙለት፤ ከዜሮ አታስጀምሩት። ጥራቱ የሚያሳስባችሁ ከሆነ የመውጫ ፈተናው አለ፤ እንደማንኛውም የሕግ ተማሪ ይፈተን።