የኦብራየን ጭረት

አየርላንዳዊው ኦብራየን ስሙን በላቲን ፊደል ሲጽፍ ከ«ኦ» ቀጥሎ አንዲት ትንሽ ጭረት ከላይ ይሰቅላል። የእኛዋ መዓዛም አንዳንዴ «ዓ»ን አላስውጥም ብላ ከመሃል ትሰካታለች።

ጣጣው ይህቺ ጭረት በዳታቤዝ ቋንቋው በኤስኪውኤል ጽሑፍ የሚከፈትባትና የሚዘጋባት መሆኗ ነው። ፕሮግራመሩ ትእዛዙንና ስሙን በመደመር ምልክት ቀጣጥሎ ከላካቸው፣ ዳታቤዙ ስሙ «ኦ» ላይ ያለቀ ይመስለውና «ብራየን»ን እንደ ትእዛዝ ሊያነብ ይታገላል። አልገባኝም ብሎ ቢቆም ደግ ነው። ስሙን የሚሞላው ሰው ተንኮለኛ ከሆነ ግን ከጭረቷ ቀጥሎ የልቡን ትእዛዝ ይጽፍበታል። ዘዴው በ1998 እ.ኤ.አ.፣ በፈረንጆች ገና ዕለት በወጣው ፍራክ የተባለ የጠላፊዎች መጽሔት ላይ ተብራርቶ ነበር፤ የበዓል ስጦታ እንበለው። (ባለ ሕዝባሩ ገ/ማርያም በዚህ ሁሉ መሃል በሰላም ያልፋል።)

አንዳንዱ ድረ ገጽ «ልዩ ምልክት አይፈቀድም» ብሎ ይገላገላል። ኮዱን እንደማረም የሰውን ስም ማረም! ይሄ ድፍረት ነው። የድረ ገጽ ቋንቋው ፒኤችፒ ደግሞ ጽሑፉን እንዳትዘጋው ብሎ ለዓመታት ከውጭ በሚገባው ጭረት ሁሉ ፊት በራሱ ጊዜ \ ይለጥፍ ነበር። ምልክቷ እዚያው ተጣብቃ እየቀረች የስንቱን ስም አበላሸች፤ በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣው 5.4 ዕትም ልማዱ ቀረ።

ደህናው መንገድ ትእዛዙን በስሙ ፈንታ ? አድርጎ መጻፍና ስሙን ለብቻው መስጠት ነው። ልክ እንደታተመ ቅጽ፤ ክፍት ቦታው ላይ ምንም ቢሞላ የታተመው አይለወጥም። ከዳታቤዞቹ ፖስትግሬስ $1 ይላል፣ ኦራክል ሁለት ነጥብና ስም ይወዳል፤ በምልክቱ እንኳ አልተስማሙም። ከልማድ የተነሳ ?ን በጥቅስ የሚያቅፋትም አለ፤ ያኔ ክፍት ቦታነቷ ቀርቶ ተራ የጥያቄ ምልክት ትሆናለች። የሰንጠረዥ ስምም በ? አይተካም፤ ትእዛዙ ሲሰናዳ ሰንጠረዡ መታወቅ አለበትና።

% እና _ ግን በክፍት ቦታው በኩል ቢገቡም ጠባያቸውን አይተዉም። በኤስኪውኤሉ «ላይክ» ቃል ሲፈለግ % ማለት ምንም ይሁን ምን፣ _ ደግሞ አንድ ማንኛውም ፊደል ነው። «50%» ብሎ ቅናሽ የፈለገ ደንበኛ 500 እና 5000 የተጻፈበት ሁሉ ይጎተትለታል። ለዚህ ኤስኪውኤል «ኢስኬፕ» የሚባል ሌላ ቃል አለው፤ ሰው ኮድ ውስጥ ግን እምብዛም አላየውም።