የኋላ ወንበሩ ልጅ



የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ሰፈራችን ለቅሶ ቤት ይመስላል። በ2014 ፈተናውን ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። «ትውልዱ ሰነፈ፣ ስልክ አበላሸው» ሲባል እንሰማለን። እኔ ግን እነዚህ ልጆች የወደቁት 12ኛ ክፍል ሲደርሱ አይመስለኝም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር መስጂዳችን ግቢ ውስጥ የ7ኛ ክፍል ልጆችን እናስጠናለን። አንዲት ተማሪ ለሳምንታት አንድም ጥያቄ ሳትጠይቅ ደብተሯን ታቅፋ ትቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ለብቻዋ አንድ አንቀጽ እንድታነብልኝ ጠየቅኳት። ፊደል እየቆጠረች ሄዳ ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመች። «ክፍል ውስጥ የሚያነቡት እጅ የሚያወጡት ናቸው፤ እኔን አንብቢ ያለኝ የለም» አለችኝ። ይህች ልጅ ጁዝእ ዐማን ሐፍዛለች። ታዲያ እንዴት ሰነፍ እንበላት?

ልዩነቱን አስቡት። ቁርኣን ቤት ልጁ ተራው ሲደርስ ኡስታዙ ፊት ቀርቦ ይቀራል። የተሳሳተውን ሳያስተካክል ወደሚቀጥለው አይሻገርም። ቀድሞ ያወቀው ትልቁ ልጅ ትንሹን ያስቀራል። አለንጋውን አላወድስም፤ ትርጉሙን ሳያውቁ መሸምደዱም ጉድለት ነው። ነገር ግን ድምፁ ሳይሰማ የሚከርም ልጅ የለም።

በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ዘመን ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ሳይወድቁ ይዛወሩ ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ልጁ ደጋግሞ ወድቆ ትምህርቱን እንዳይተው፣ በተከታታይ ምዘና እየታየ እንዲደገፍ ነበር። ዝውውሩ ሲቀጥል ድጋፉ ግን በብዙ ቦታ ወረቀት ላይ ቀረ። አዲሱ ፖሊሲ 6ኛና 8ኛ ክፍል ላይ ፈተና አስቀምጧል። ፈተና ማን ወደ ኋላ እንደቀረ ይነግረናል እንጂ የቀረውን አያነሳም።

ስለዚህ ከትምህርት አመራሩ የምንጠይቀው ግልጽ ይሁን። 2ኛና 3ኛ ክፍል ያለ እያንዳንዱ ልጅ በየሴሚስተሩ ለብቻው መምህሩ ፊት ያንብብ። ለቀሩት ደግሞ በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ውስጥ የማካካሻ ሰዓት ይመደብ። ስልሳ ልጅ የያዘ መምህር ብቻውን አይችለውምና ረዳት ይሰጠው።

የእኛም ድርሻ አለ። የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት ስብሰባ ሲጠራ ብዙዎቻችን የምናስበው መዋጮ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ «በዚህ ክፍል ማንበብ ያልቻሉት ስንት ናቸው? ምንስ ታስቦላቸዋል?» ብለን እንጠይቅ። ዛሬ ማታ ደግሞ ስልካችንን አስቀምጠን ታናሽ ወንድማችንን ወይም እህታችንን አንድ ገጽ እናስነብብ። ሲንተባተቡ አንሳቅ፤ ጎናቸው እንቀመጥ።

አላህ ያወቅነውን የምናካፍል ያድርገን። አሚን!