አወቅሽ አወቅሽ

«አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» የሚለውን ተረት አያቴ እማማ ፊት የሚደፍረው አልነበረም። የቄስ ሚስት ነበረችና። ለገና ከአዲስ አበባ ላስታ የወረድኩ ጊዜ ግን እኔ አፌ አመለጠኝ። እማማ ጠላ እየቀዳች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና፣ «ታዲያ ምን ታድርግ? ብራናው በጭስ ጠቁሮ፣ በእጅ ወዝ ተበላሽቶ እያየች ዝም ትበል? ጥፋቱ የማጠቧ አይደለም፤ ፊደል ያስቆጠራት የለም» አለችኝ። ዋንጫውን ለእኔ ሊሰጥ የተዘረጋው እጇ አቅጣጫ ቀይሮ ወደ ጎረቤቱ ሄደ።

ተረቱ መሠረት አለው። የብራና ጥቁር ቀለም የሚቀመመው ከጥላሸት ነውና ውሃ አይወድም። እማማም የባሏን የአባባን ዳዊት ስትነካ አይቼ አላውቅም። በማኅደሩ ሆኖ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ በሥሩ ስታልፍ ሻሿን ታስተካክላለች፣ በቃ። ከዳዊቱ በቀር ግን የማታጥበው ነገር አልነበረም።

እሷን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ የእንዶድ ሽታ ነው። ፍሬውን ትወቅጠዋለች፣ በውሃ ትበጠብጠዋለች፣ አረፋው ሲነሣ የአባባን ነጠላና ጥምጥም ትነክርበታለች። ሳሙና ሱቅ ሞልቶም «ነጭ ልብስ ያዳክማል» ብላ አልተቀበለችውም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ፣ እንዶድ ቢልሃርዚያ አስተላላፊዎቹን እንደሚፈጅ ማረጋገጡን ነገርኳት። «እኔማ ዕድሜዬን ሙሉ ነፍስ ሳጠፋ ኖሬያለሁ በለኛ!» ብላ አማተበች። ንስሐም ሳትገባበት አልቀረችም።

ቤተ ክርስቲያናችን በማዕረግ አትታማም። አለቃ አለ፣ ገበዝ አለ፣ መሪጌታ አለ። ለቄስ ሚስት ግን ስም አልወጣላትም። ግሪኮቹ ፕሬስቢቴራ ይሏታል፣ ሩሲያውያን ማቱሽካ። እኛ «የቄሱ ሚስት» ብለን እናልፋለን። ቅስናው የቆመው ግን በእሷ ነው። ዲያቆን ወይ ያገባል ወይ ይመነኩሳል እንጂ እንዲሁ አይቀስስም። ከቀሰሰ በኋላ ሚስቱ ሞታ ሌላ ቢያገባ ክህነቱ ይፈርሳል። የባፕቲስት መጋቢ ሚስቱ ብትሞትበት ዳግመኛ አግብቶ ማገልገሉን ይቀጥላል፤ ለእኛ ቄስ አንዴ ነው። እማማን ራሷን ባመማት ቁጥር ካህናቱ ተሰልፈው ይጠይቋት ነበር። «ለእኔ መሰላችሁ? ቅዳሴ እንዳይታጎል ነው እኮ» ትላለች ሲወጡ።

አባባ ሰሞነኛ ሲሆኑ ሳምንቱን እዚያው ደብር ያድራሉ። ገብሱ ቢደርስ፣ ላሟ ብትወልድ፣ ልጅ ቢያተኩሰው የእሷ ፋንታ ነው። በዚያ ላይ ማታ ማታ የጧፍ ክር ትፈትላለች። ጎረቤቶቿ በሰማንያ ተጋብተው ሲጣሉ ይፋታሉ፤ እሷ በቁርባን ናት። አንድ ጊዜ ተቆጥታ ወደ አባቷ አገር ግማሽ መንገድ ሄዳ ተመልሳለች። ለምን እንደተመለሰች ጠይቄያት ነበር። «በማግስቱ ኪዳነ ምሕረት ናት። ምን ለብሰው ሊቀድሱ?» እንደ ጽድቅ የሚቆጥሩላት አሉ። እኔ ግን ያን ግማሽ መንገድ ሳስበው ደስ አይለኝም። ሌላ ሴት ብትሆን ጨርሳ ትሄደው ነበር።

ከእሷ አስቀድሞ በዚያ አገር አንዲት ስመ ጥር የቄስ ሚስት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1200 ገደማ የነበረው ግብጻዊ ጸሐፊ አቡ አል-መካሪም የሐበሻ ነገሥታት ሁሉ ካህናት እንደሆኑ፣ መቅደስ ገብተው እንደሚቀድሱ ጽፏል። እንግዲያስ ንግሥት መስቀል ክብራም የንጉሥ ላሊበላ ብቻ ሳትሆን የቄስ ላሊበላ ሚስት ናት። ባሏን ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ ለነአኩቶ ለአብ እንዲለቅ ያግባባችው እሷ ናት ይባላል። በኋላም ወታደሮች የአንድ ድሃ ገበሬ ብቸኛ ላም ለንጉሥ ማዕድ ብለው ሲነዱ ሰምታ ተመልሶ እንዲነግሥ ያደረገችው እሷው ናት። እማማ ይህን ስትተርክ ላሟ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ይወፍራል። ስለ ዙፋኑ ግድ አልነበራትም።

ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት አንዱን፣ ቤተ አባ ሊባኖስን፣ መስቀል ክብራ ከመላእክት ጋር በአንድ ሌሊት እንዳነጸችው ይነገራል። በአራቱም ጎን ከአለቱ ተለይቶ ጣሪያው ግን እስከ ዛሬ ከተራራው ጋር እንደተያያዘ ነው። ለምን እንዳልተለየ የእማማ ምክንያት አጭር ነበር፦ «ነጋባታ! ሊጥ ልታቦካ ገባች።»

ንጉሡ ተቀብሮበታል ወደሚባለው ቤተ ጎልጎታ ግን ሴት አይገባም። እማማ ዕድሜዋን በላሊበላ አሳልፋ ውስጡን የምታውቀው አባባ በነገሯት ልክ ነው። እሷ በምታውቀው ደግሞ አባባ አይደርሱባትም ነበር፤ በእግር። የገና ሰሞን ከትግራይ፣ ከጎንደር፣ ከጎጃም ቀን ሲጓዝ የከረመ ምእመን ሲደርስ የአገሬው ሰው እግሩን ያጥበዋል። እማማ ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብላ ገበቴው ውስጥ የገባውን እግር ታገላብጣለች። ፊት ሳታይ የስንት ቀን መንገደኛ እንደሆነ፣ አሸዋ ይሁን ድንጋይ የረገጠ ትናገራለች። የተሰነጠቀ ተረከዝ ካየች ቅቤ ታስመጣለች። ታኅሣሥ 29 ንጋት ካህናቱ ቤተ ማርያም አጥር ላይ ወጥተው ቤዛ ኩሉ ሲሉ ብዙዎቻችን እዚያ እንጋፋለን። እሷ የለችም። ከመንገድ ዘግይቶ የደረሰ አይጠፋም።

እማማ አባባን ቀደመቻቸው። ተዝካሯን አውጥተው ዓመቱ ሳይዞር መነኮሱ፤ ጥምጥሙን ትተው ቆብ ደፉ። ለመጨረሻ ጊዜ አጥባ የሰጠቻቸውን ጥምጥም አጣጥፈው ከዳዊቱ ማኅደር አጠገብ ሰቀሉት። ምድጃው ቅርብ ነውና በወራት ውስጥ ጠቆረ። አክስቴ «አባዬ፣ ይስጡኝ፣ ልጠብልዎ» ባለቻቸው ቁጥር መልሳቸው አንድ ነበር።

«ተይው። አንቺ አታውቂበትም።»