ድርግም የሚለው ላፕቶፕና የነርስ ቻርት

ቆላ ወርጄ በሠራሁባቸው ዓመታት ከለመድኳቸው ነገሮች ጡረታ ወጥቼም ያልተለየኝ የትኩሳት አመዘጋገብ ነው። ትኩሳት ይዞት የሚመጣ ሰው ምን እንደ ነካው ወዲያው አይታወቅም። በየ4 ሰዓቱ ሙቀቱን እየለካን ቻርቱ ላይ ነጥብ እናስቀምጣለን፤ ነጥቦቹንም በመስመር እናያይዛለን። ትኩሳቱ ቀን እያሳለፈ፣ በየ48 ሰዓቱ ከተመለሰ ወባን እንጠረጥራለን። ዛሬ ፈጣን መመርመሪያ ስላለ ይህን ያህል መጠበቅ ቀርቷል፤ ነጥብ የማስቀመጥ ልማድ ግን ከእጄ አልወጣም። በቅርቡ የጠቀመን ለቤታችን ላፕቶፕ ነው።

የምኖረው ከልጄ፣ ከባለቤቷና ከልጅ ልጄ ጋር ነው። ላፕቶፑ የሁሉም ነው። ልጄ የመሥሪያ ቤቷን ሒሳብ ትሠራበታለች፣ አባትየው ኳስ ያይበታል፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪው ያጠናበታል፤ ጌምም ይጫወትበታል። ከአምስት ወር በፊት ሳይታሰብ ድርግም ማለት ጀመረ። ልጄ ሁለት ጊዜ የሠራችው ሒሳብ ጠፋባት። በሁለተኛው ቀን አባትየው ፈረደ፤ «ይሄ ልጅ በጌም ቫይረስ አስገብቶበታል» አለና ላፕቶፑን ከለከለው። ፈተና ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ልጁ አንድ ጊዜ «እኔ አይደለሁም» አለ፤ ከዚያ በኋላ ገበታ ላይ ድምፁ ጠፋ። እኔን ከማሽኑ ይልቅ ያስጨነቀኝ ዝምታው ነው።

ከልጄ ጋር ሰፈራችን ወዳለ ጠጋኝ ብንወስደው ሳይከፍተው «ፎርማት ይደረግ» አለ። ፎርማት ማለት በውስጡ ያለው ሁሉ ይደመሰሳል ማለት ነው። የሟቹ ባለቤቴ የመጨረሻ ፎቶዎች ደግሞ እዚያ ውስጥ ናቸው። በሽተኛውን ቀና ብሎ ሳያይ መድኃኒት የሚያዝ ሰው በሥራ ዘመኔ አጋጥሞኛል፤ ያን ጊዜም ሳልጠይቅ መርፌ አላነሳም ነበር። ላፕቶፑን ይዘን ተመለስን።

መጀመሪያ ፎቶዎቹና የልጄ ሥራ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ተገለበጡ። አባቱን አስፈቅጄ ይህን ያደረገው የልጅ ልጄ ነው። ድርግም የሚል ማሽን አንድ ቀን ጭራሽ ላይነሳ ስለሚችል ሌላው ምርመራ ከዚህ በኋላ ይደርሳል።

ከዚያ ደብተር አወጣሁና አሰመርኩ። ቀን፣ ሰዓት፣ ማን ይዞት ነበር፣ የት ተቀምጦ ነበር፣ ምን እየተሠራበት ነበር፣ ቻርጀሩ ተሰክቷል ወይ፣ ሥሩ ሲዳሰስ ይሞቃል ወይ። የመጨረሻው አምድ «ሲጠፋ ምን አሳየ?» የሚል ነው፤ ብዙ ነገር የሚለየውም ይኸው ነው። ሰማያዊ ስክሪን ላይ ጽሑፍ አሳይቶ ከጠፋ ጥርጣሬው ወደ ፕሮግራም፣ ወደ ራም ወይም ወደ ሃርድ ዲስክ ያዘነብላል። እንዲህ ሲሆን ጽሑፉን በስልክ ፎቶ አንሡት፤ ለጠጋኙ ከብዙ ወሬ ይሻለዋል። የእኛው ግን አንድም ቃል ሳይተነፍስ፣ መብራት እንደ ሄደበት ቤት ነው የሚጨልመው። እንዲህ ሲሆን ቀድመው የሚጠረጠሩት ሙቀትና ኃይል ናቸው። ላፕቶፕ ውስጡ ሲግል መጀመሪያ ይንቀራፈፋል፤ ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ደግሞ ራሱን ለማዳን ይጠፋል።

ዊንዶውስ ራሱም ቻርት ይይዛል ለካ! መፈለጊያው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ሪላያቢሊቲ» ተብሎ ሲጻፍ በየቀኑ የደረሰበትን በቀይ ምልክት የሚያሳይ ገጽ ይመጣል። የልጅ ልጄ ሲያሳየኝ ቀኖቹ ከደብተሬ ጋር ገጠሙ። ማሽኑ ግን በድንገት መዘጋቱን እንጂ አልጋ ላይ ይሁን ጠረጴዛ ላይ፣ በማን እጅ እንደ ነበረ አይናገርም።

በ10 ቀን ውስጥ 7 ጊዜ ጠፋ። ስድስቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ፣ ስድስቱም አልጋ ወይም ሶፋ ላይ፣ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ላይ እንደ ተቀመጠ ነው። አየር የሚስብበት ቀዳዳ ከሥሩ ስለሆነ ጨርቁ ይደፍነዋል። አራቱ ኳስ እየታየ፣ ሁለቱ ሒሳብ እየተሠራ ነበር። አንድ ቀን ለሙከራ ብዬ ልጁን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ጌም አጫወትኩት። ፋኑ ጮኸ፣ ሥሩ ሞቀ፣ አልጠፋም።

ሰባተኛው ግን ከሌሎቹ ጋር አልሄድ አለ። ጠዋት ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ማሽኑ ቀዝቃዛ ነው፣ ቻርጀሩ አልተሰካም፣ ባትሪውም 40 በመቶ ያሳያል። ወባ የያዘው ሰው ታይፎይድም ሊይዘው እንደሚችል የማያውቅ ነርስ የለም። ላፕቶፑን ዘግቼ ጠረጴዛው ላይ ብጫነው ተንገዳገደ፤ ሥሩ ጎበጥ ብሏል። ባትሪው አብጦ ኖሯል። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ቻርጅ አይደረግም፣ አይጫኑትም፣ አይወጉትም። ወዲያው አጥፍተን ሌላ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድነው።

ይህኛው ወጣት ደብተሩን ተቀብሎ እስከ መጨረሻው አነበበና ወንበር ሳበልኝ። ሲከፍተው ፋኑ አቧራ እንደ ጥጥ ጠቅጥቆበታል፣ ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባትም ደርቋል። አጸዳ፣ ቅባቱን ቀየረ፣ አዲስ ባትሪ ገጠመ። ፎርማት የሚለውን ቃል አላነሳም።

ማታ ደብተሩን ለአባትየው ሰጠሁት። «ማን ይዞት ነበር» በሚለው አምድ ስሙን አራት ጊዜ አገኘው። ምንም አላለም። ላፕቶፑን አንሥቶ ልጁ ፊት አስቀመጠና «በል አጥና» አለው። በእኛ ዘመን ከአባት ይህ ከበቂ በላይ ነበር፤ የዛሬ ልጅ ግን ቃሉን መስማት ይፈልጋል፤ እውነቱን ነው እላለሁ። ከሁለት ቀን በኋላ ኩሽና ሆኜ አባትየው «ሳላጣራ ነው የፈረድኩብህ» ሲለው ሰማሁ። ልጁ የመለሰለት አልተሰማኝም፤ ራት ላይ ግን ስለ ኳስ ሲከራከሩ አመሹ።

ላፕቶፑ ከዚያ ወዲህ ድርግም ብሎ አያውቅም። አልጋ ላይ ሲወጣ ትልቁን የእንጨት ትሪ ከሥሩ እናደርጋለን። ስለ ጌሙ ሰዓት ግን አባትና ልጅ እስካሁን አልተስማሙም።