ከበሮው ማማድ ሲገባ

እስራኤል፣ ሀደራ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ በተሠሩ አፓርታማዎች «ማማድ» የሚሉት፣ በወፍራም ኮንክሪት የታጠረ መጠለያ ክፍል አለ። ለሮኬት የታሰበው ክፍል ለልጆቻችን የቤት ስቱዲዮ ሆኗል። የውጭ ጫጫታ አይገባበትም፤ የከበሮው ድምፅ ግን መውጫ ያጣል። 3 ሜትር ተራርቀው የቆሙ ሁለት ግድግዳዎች 57 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ እየተቀባበሉ ያሳብጡታል፤ የትልቅ ከበሮ ጉምታም የሚኖረው እዚያው ሠፈር ነው። ጋቢ መስቀል የጭብጨባን ስለት ያለዝባል እንጂ ይህን እብጠት አይነካውም። ከበሮውንም ማይኩንም ከግድግዳ ማራቅ ይሻላል።

•

ከበሮ ሁለት ፊት አለው፤ ሁለት ማይክም ይገባዋል። ሰፊው ፊት ሲመታ ቆዳው ወደ ውስጥ ይገባል፣ አየሩም የጠባቡን ቆዳ ወደ ውጭ ይገፋል። ማይኮቹ ያንኑ ምት ተቃራኒ አድርገው ስለሚቀዱት ሲደመሩ ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳል። ብዙዎች «ቤዝ አነሰው» ብለው በኢኪው ይጨምሩለታል። የአንዱን ትራክ ፖላሪቲ መገልበጥ በቂ ነበር፤ አንድ ቁልፍ መጫን ነው።

•

ትራክ በዋትስአፕ የድምፅ መልእክት አይላክም፤ ጥራቱ ይጨመቃል። ዋቭ ፋይል፣ በዶክመንት መልክ፣ ሁሉም ከዘፈኑ ዜሮ ሰከንድ የሚጀምር።

•

የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው፦ አንድ መቺ ከአዲስ አበባ የላከውን ከበሮ እዚህ ያለው ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ መስመር አስይዞ ያስተካክለዋል። ችክችካን በስድስት ብንቆጥረውም በጥሩ መቺ እጅ ስድስቱ ምት እኩል አይራራቅም፤ እስክስታ የሚወርድ ትከሻ የሚጠብቀው ያችን ጥቂት መዘግየት ነው። ክሊኩን አጥፉና ከበሮውን አስቀድማችሁ ቅዱ። ክራሩም ቤዙም እሱን ሰምቶ ይግባ።

ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ በአኮርዲዮንና በኪቦርዶች በሠራው አልበም የከበሮ ማሽን አለ። ያ ማሽን ሰው ነኝ አይልም፤ እስከዛሬ የማይሰለቸኝም ለዚህ ነው። ሰው የመታውን ማሽን ማስመሰል ግን በደል ነው።

•

የቤት ቀረጻ የልጅ ጨዋታ ለሚመስላቸው ወላጆች፦ ሙዚቀኛው ኢዳን ራይኸል ክፋር ሳባ፣ ወላጆቹ ቤት ምድር ቤት ውስጥ የጀመረው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2002 አልበም ሆኖ ሲወጣ አማርኛ በእስራኤል ሬዲዮ ተሰማ።

•

በቤተ እስራኤል ጸሎት ነጋሪትና ቃጭል አብረው ሲመቱ አንዱ ከታች፣ ሌላው ከላይ ስለሆነ አይጋጩም። ከበሮና የድራም ኪክ ግን ለአንድ ቦታ ይሻማሉ። ዘፈኑ የከበሮ ከሆነ ኪኩን ከ80 ኸርዝ በታች ቁረጡት። ለብቻው ሲሰማ ቀጥኖ ያስደነግጣል፤ ለብቻው አትስሙት።

•

ጭብጨባ ከኮምፒውተር አይምጣ። አንድ ሰው አሥር ጊዜ ቢያጨበጭብ አሥር ሰው አይሆንም፤ መዳፉም ክፍሉም አንድ ነው። ክራር መቺውም ዘፋኟም ባሉበት ክፍል ሁለት ሁለት ትራክ ያጨብጭቡ፤ ቡና ላይ የተቀመጡ እናቶች ካሉም ይጨመሩ። ከዚያ ግራና ቀኝ በትኖ ከከበሮው ትንሽ ዝቅ ማድረግ ነው።