በደመራው ፎቶ ላይ ያልነበረው ወንድም

እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ የሐበሻ ቤት ሳሎን ግድግዳ ላይ የማይጠፋ አንድ ዓይነት ፎቶ አለ። ከኋላ መስቀል አደባባይና ደመራው፣ ከፊት ነጭ በነጭ የለበሰ ቤተሰብ። ጠጋ ብላችሁ ብትጠይቁ ግን አንደኛው ወንድም በዚያን ዕለት ቶሮንቶ ሥራ ላይ ነበር፤ እህትየው ቤይሩት ናት፤ መሀል የተቀመጡት አባት ደግሞ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ፎቶው አዲስ አበባ፣ ፎቶ ቤት ውስጥ የተቀናበረ ነው። ባለቤቶቹም አይደብቁትም፤ እንዲያውም «አባባን እንዴት አድርጎ እንዳስገባቸው አያችሁ?» ብለው ባለሙያውን ያደንቁላችኋል።

አገር ቤት ፎቶ ማቀናበር ከሞላ ጎደል የዝምድና ሥራ ነው። በስታዲየም ዙሪያም ሆነ በድሮው ካዛንቺስ ፎቶ ቤት ገብቶ «ሟች አባታችንን ከሙሽሮቹ ጎን አቁምልን» ማለት ማንንም አያስደንቅም። የአባትየው ፎቶ ከመታወቂያ ላይ የተነሳ ጉርድ ቢሆንም ችግር የለም፤ ሱፍና ክራባት ይለብሳሉ፣ ትከሻ ይቀጠልላቸዋል። ሙት ዓመት ሲደርስ ደግሞ ያው ምስል ከሰማይና ከደመና ጋር ይታተማል። ደመናውን እኔ አልወደውም፤ ሰውየውን ከሰፈሩ ያወጣዋል።

የሥራው መሠረት ሌየር ነው። ፎቶሾፕ ሌየርን የጨመረው በ1994 እ.ኤ.አ. በ3.0 እትሙ ነው። ነጠላን በነጠላ ላይ እንደ መደረብ ቁጠሩት፦ አደባባዩ ከታች፣ ቤተሰቡ በላዩ፣ የተጨመረው ሰው ደግሞ ለብቻው በሌላ ሌየር። እያንዳንዱ ሳይነካካ ይንቀሳቀሳል። ጎበዝ ባለሙያ ሰውየውን በመቁረጫ ቆርጦ አይጥለውም፤ ማስክ ያደርግለታል። ማስኩ ላይ ነጭ የተቀባው ክፍል ይታያል፣ ጥቁር የተቀባው ይሸሸጋል፣ ግራጫው ግማሽ በግማሽ ያሳልፋል።

ግራጫዋ ለእኛ ሰው የግድ ናት። የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ስስ ስለሆነ ከኋላው ያለውን ያሳያል። ሳሎን ውስጥ አረንጓዴ መጋረጃ ፊት የቆመችን እናት አውጥቶ አደባባይ ላይ የሚያቆም ሰው የነጠላዋን ጫፍ በጥቁርና በነጭ ብቻ ከቆረጠው፣ መጋረጃው ጥለቱ ውስጥ አብሮ ይመጣል። የተጠቀለለ ፀጉርም እንዲሁ ነው፤ ዳር ዳሩ በቸኮለ እጅ ሲቆረጥ ቆብ ይመስላል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ብርሃን ነው። መስከረም 16 እኩለ ቀን ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ፀሐይ ከአድማስ 80 ዲግሪ ገደማ ከፍ ትላለች፤ አናት ላይ ናት ማለት ይቻላል፤ ጥላ እግር ሥር ይቀራል። በታኅሣሥ አጋማሽ ዋሽንግተን ላይ ግን በቀትርም ከ28 ዲግሪ ብዙም አትዘልም፤ ጥላው ረዝሞ ይጋደማል፣ ፊትም በአንድ ጎን ይበራል። እዚህ ያለው ልጅ በክረምት ፓርኪንግ ውስጥ ተነስቶ የላከው ፎቶ መስቀል አደባባይ ላይ ሲለጠፍ እንግዳ የሚመስለው ለዚህ ነው። የቤተሰቡ ፎቶ ደመራው ከተለኮሰ በኋላ የተነሳ ከሆነማ የባሰ ነው፤ የቤተሰቡ ፊት በእሳቱ ቀልቶ፣ የእሱ ብቻ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ወደ አገር ቤት ፎቶ የምትልኩ ሰዎች፣ ደመናማ ቀን ጥላ ሥር ቆማችሁ ተነሱ፤ ለባለሙያው ግማሹን ሥራ ታቀሉለታላችሁ።

ወደዚህኛው አገር ልምድ ስንመጣ፣ ሰው ሌየርን የሚፈልገው በብዛት ለማስወጣት ነው። ከኋላ ያለፈውን መንገደኛ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶውን፣ አንዳንዴም የተፋታውን ባል ለማጥፋት። በ2023 የወጣው የጉግል ፒክስል 8 ስልክ ከተከታታይ ፎቶዎች የእያንዳንዱን ሰው ጥሩ ፊት መርጦ አንድ ላይ ያደርጋል፤ በቀጣዩ ዓመት የመጣው ፒክስል 9 ደግሞ ፎቶ አንሺውን ራሱን ከቡድኑ ጋር ይቀላቅላል። አገር ቤት ፎቶ ቤቶች የቆዩበትን ሥራ ስልኩ አሁን ደረሰበት ማለት ነው። ልዩነቱ፣ በስልክ የተሠራውን የሚያይ ሰው መቀናበሩን የሚነግረው ብዙ ጊዜ አያገኝም።

በዜና ሥራ ግን ነገሩ ጥብቅ ነው። በ2006 ሮይተርስ ከቤይሩት የተላከለት ፎቶ ላይ ጭሱ ተባዝቶ ሲገኝ ከፎቶ አንሺው ጋር መሥራቱን አቁሞ 920 ፎቶዎቹን ከሽያጭ አወጣ። የዲቪ ማመልከቻ ደንብም መልክን የሚለውጥ ማስተካከያ ይከለክላል። የአገር ቤት ፎቶ ቤት ፊት ማለስለስ ስለለመደ፣ ለዲቪ የሚነሱ ዘመዶቻችሁን «ምንም እንዳትነካካው በሉት» ብላችሁ ምከሩ።

እኛም ብንሆን ሁልጊዜ ለፍቅር ብቻ አላቀናበርንም። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን የወረዱት መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል ዕለት ነው። በዚያ ወቅት ጥምጥም አድርገው የሚታዩበት ፎቶ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል ለሚለው ክስ ማስረጃ ተደርጎ ተሰራጨ፤ ፎቶው የተቀናበረ ነው የሚል ክርክር ግን እስከ ዛሬ አለ። በመቀስና በሙጫ ዘመንም ምስል መንግሥት ያንገዳግድ ነበር።

የእኔ ፍርድ ለአገር ቤቱ ልማድ ያደላል። ሳሎን የተሰቀለው ፎቶ ማንንም አያታልልም፤ ቤተሰቡ ማን እንደነበረ፣ ማን እንደተጨመረ ያውቃል። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ባለሙያው ሲጨርስ ሌየሮቹን ጨፍልቆ አንድ ጄፔግ ብቻ ይሰጣል። ያ የአባት ጉርድ ፎቶ፣ ልጅየው የላከው፣ ባዶው አደባባይ ሁሉም አንድ ሆነው ይቀራሉ። ፎቶ ቤቱ ቦታ ሲለቅ ኮምፒውተሩም ይሄዳል። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ሰፈሩ ምን ያህል በፍጥነት እንደተነሳ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። መስቀል አደባባይ ዳር ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳ የተሞላውም በሰማዕታቱ ፎቶዎች ነው፤ ያልተነካች አንዲት ጉርድ ፎቶ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት እዚያ ገብቶ ማየት ነው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው መስቀል ስታስቀናብሩ ሦስት ነገር ጠይቁ። ሌየሮቹ ያልተጨፈለቁበትን የፒኤስዲ ፋይል ተቀበሉ። በቴሌግራም ሲላክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይሁን፤ አለበለዚያ ጥራቱ ይቀንሳል። የታተመው ጀርባ ላይም በእስክሪብቶ ዓመቱን፣ ማን እዚያ እንደነበረና ማን በኋላ እንደገባ ጻፉበት፤ የልጅ ልጆቻችሁ አጠገባችሁ ቆሞ የሚነግራቸው ላይኖር ይችላል።